ሦስተኛው ሽቦ

ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ የቡና ማሽን ሸለሙኝ። ሌላው ጡረተኛ ጋቢ ይደረብለታል፣ ሰዓት ይታሰርለታል። እኔን ግን ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር በየእረፍቱ ወደ ካፌ ስሮጥ ስላዩኝ መሰለኝ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ብረቱ የሚያብለጨልጭ የማኪያቶ ማሽን አመጡልኝ። አጨብጭበው ሲሰጡኝ ሣቅሁ። ቤት ገብቼ ካርቶኑን ስከፍት ግን ተናደድኩ። ከእንግዲህ ቤትህ ተቀምጠህ ጠጣ፣ እኛ ጋ ምን ትሠራለህ ያሉኝ መሰለኝ። እንዲህ ነኝ እኔ፤ ስጦታም ቢሆን አገላብጬ ስድብ አላጣበትም። ካርቶኑን መልሼ ዘጋሁና ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልኩት።

ቤቴ ከላምበረት ከፍ ብለው ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የጓዳዬ መስኮት ወደ እንጦጦ ስለሚያይ፣ ከባሕር ዛፍና ከጉም በቀር ሌላ ነገር አይታየኝም። ሚስት አላገባሁም። ለምን ብለው ሲጠይቁኝ ስለምቆጣ ሰዎች መጠየቅ ትተዋል። ከደረጃው ማዶ፣ ፊት ለፊቴ ባለው ቤት ከላምበረት ደሴ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ጡረተኛ ሹፌር ይኖር ነበር። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፣ አንዲት ልጁ ኮምቦልቻ አግብታ ወልዳለች።

የተዋወቅነው ሕንጻችን ሥር በነበረች ትንሽ ካፌ ነው። በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ፣ እሱ መንገዱን፣ እኔ ግድግዳውን እያየን ፊት ለፊት እንቀመጥ ነበር። መንገዱ ሲሰፋ ካፌዋ ፈረሰች። ለጥቂት ቀናት ሁለታችንም በየቤታችን ተዘጋን። በሳምንቱ በሬን አንኳኳና፣ ያ የተሸለምከው ማሽን እስካሁን ካርቶን ውስጥ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አብረን አወረድነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አስር ሰዓት ሲሆን አንድ ላስቲክ ወተት ይዞ ይመጣ ነበር። ጠቆር ያለ ማኪያቶ ነው የሚወደው። ረቡዕና ዓርብ እኔ ስለምጾም ወተቱ ለእሱ ብቻ ይሞቃል። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ሰዓታችን ወደ ማፍጠሪያው ይዞርና ቴምሩን ይዞ ይመጣል። ስለ መንገድ ያወራልኛል፤ እኔ የተናገረውን ርቀት ለፍጥነቱ አካፍዬ፣ ያልከው ሰዓት ላይ ደብረ ሲና ልትደርስ አትችልም እያልኩ አርመዋለሁ። "መምህር" ይለኛል፣ ሲያሾፍብኝ "ፕሮፌሰር"። በሕይወቴ ሰው ሲመጣብኝ ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ለእሱ ግን አንድም ቀን አልነገርኩትም።

አንድ ቀን ማሽኑ መብራት ማጥፋት ጀመረ። ሲበራ ደህና ነው፤ ውሃው መሞቅ ሲጀምር ቤቱ ውስጥ ያለው ብሬከር ቀጭ ይልና ይወድቃል። ብሬከሩን አንስቼ እንደገና ሳበራው እንደገና ይወድቃል። ጎረቤቴ ነገሩን አይቶ አልተደነቀም። ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ የአውቶቡሱ ፊውዝ እየተቃጠለበት ተቸግሮ ያውቃል። ያኔ ያደረገው መብራቶቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ መሞከር ነበር፤ ነቅለኸው ፊውዙ ካልተቃጠለ ጥፋተኛው እሱ ነው። ማሽኑንም እንደዚያ እናደርገዋለን፣ አለኝ፤ ግን ኮምቦልቻ ሠርግ አለብኝ፣ በሳምንቱ ስመለስ እንከፍተዋለን፣ እስከዚያ እንዳትነካው።

እንዳትነካው ባይለኝ ኖሮ ምናልባት አልነካውም ነበር። ሠላሳ ዓመት ኤሌክትሪክ ያስተማረ ሰው የሹፌር ተራ ይጠብቃል? ወረቀት አወጣሁ፣ ሣልኩ፣ አሰላሁ። ማሽኑን ሳልከፍት፣ አንዲት ብሎን ሳልፈታ፣ ችግሩ ከሕንጻው የመሬት መስመር ነው ብዬ ደመደምኩ። የማሽኑ ገመድ ውስጥ ሦስት ሽቦ አለ። ሁለቱ መብራቱን ያመጣሉ፣ ይመልሳሉ። ሦስተኛው፣ ቢጫና አረንጓዴው፣ ሥራው አንድ ነው፤ ኤሌክትሪክ ከቦታው አፈትልኮ የማሽኑን ብረት ሲነካ ወደ መሬት ይወስደውና ብሬከሩ እንዲወድቅ ያደርጋል። ይህን ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደሣልኩት አላውቅም። እንዲያም ሆኖ ፒንሳ አንስቼ ሦስተኛውን ሽቦ ቆረጥኩት፣ ጫፉን በጥቁር ናስትሮ ጠቀለልኩት፣ ባለ ሁለት እግር ስፒና ገጠምኩበት። ከሾላ የገዛሁት ዲቫይደር ላይ ሦስተኛ ቀዳዳ አልነበረውም፤ በየቤቱም ሰው የሚያደርገው እንደዚህ ነው። ማሽኑ ውሃውን አሞቀ፣ ብሬከሩ ንቅንቅ አላለም። ለብቻዬ ጓዳ ውስጥ አጨበጨብኩ።

ጎረቤቴ ከሠርጉ ሲመለስ፣ ጠገንኩት አልኩት። እንዴት ሲለኝ፣ በቲዎሪ አልኩት። ሣቀ።

በሦስተኛው ቀን አስር ሰዓት ላይ ነው። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ ስኳር እፈልጋለሁ። እሱ በግራ እጁ የብረት ገንዳው ውስጥ ሲኒ እያጠበ፣ በቀኝ እጁ የሞላውን ሊያነሳ ማሽኑን ነካ። ድምፅ አላወጣም። መላ ሰውነቱ ተንዘፈዘፈ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተወረወረና ከማሽኑ ጠረጴዛ ሥር በጎኑ ወደቀ። ሲኒው ተሰበረ። ስፒናውን ነቅዬ አጠገቡ ተንበረከክሁ። ዓይኑ ተከፍቷል፣ ይተነፍሳል፣ ቀኝ እጁ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ለምን እንደነዘረው በዚያችው ቅጽበት አውቄያለሁ። ብሬከሩን ያስጥለው የነበረው ኤሌክትሪክ መሄጃ አጥቶ ብረቱ ላይ ተቀምጦ ሰው ይጠብቅ ነበር፤ መሄጃውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ። ከአፌ የወጣው ግን "እጅህ እርጥብ ነበር" የሚል ነው።

እዚያም ላይ አላቆምኩም። ውሃ ኤሌክትሪክን እንዴት እንደሚያስተላልፍ፣ ማሽን በእርጥብ እጅ የሚነካ ሰው ምን እንደሚያገኘው፣ ወለል ላይ የተቀመጠ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ፊት ቆሜ እንደ ዘጠነኛ ክፍል አስተማርኩት። ሰምቶ ጨረሰ። ከዚያ ግድግዳውን ይዞ ተነሳ፣ ቆቡን አደረገ፣ ደህና ዋል ብሎኝ ወጣ። በሩን እንኳን በኃይል አልዘጋውም።

በማግስቱ አስር ሰዓት ላይ አልመጣም። በሦስተኛው ቀንም አልመጣም። እኔም አልሄድኩም። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ደህና ዋልክ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አንተስ፣ ይመስገን፤ ከዚያ ያለፈ የለም። ማሽኑን ፎጣ አለበስኩት። መገናኛ አካባቢ አንድ ትልቅ ካፌ መሄድ ጀመርኩ፤ አስተናጋጆቹ በየወሩ ስለሚቀያየሩ ሁልጊዜ ምን ልታዘዝ ይሉኛል። እዚያ ተቀምጬ ጋዜጣ እዘረጋለሁ እንጂ አላነብም። የሚታረም ወሬ የሚያወራልኝ ሰው አልነበረም። ቤቴ ስመለስ የገዛ ድምፄን ሳልሰማ መዋሌን የማውቀው ለሱቁ ባለቤት ዳቦ ስጠኝ ስል ድምፄ ሲጎረንንብኝ ነው። ብቸኛ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

ረመዳን መጥቶ አለፈ። በኢድ ማለዳ ኮቴን ለብሼ በሬ ድረስ ደርሻለሁ። ኢድ ሙባረክ ልለው ነው። እጀታውን ይዤ ቆሜ፣ መጀመሪያ ስለ ሽቦው ካልነገርኩት ምን ፊት አለኝ ብዬ አሰብኩ፤ ስለ ሽቦው ለመንገር ደግሞ የበዓል ቀን አይሆንም አልኩ። ኮቴን አውልቄ ሰቀልኩ። ለፋሲካም እንዲሁ ምክንያት አላጣሁም።

እንደዚህ ሰባት ወር ሄደ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ አንድ ዘዴ መጣልኝ። ማሽኑን በትክክል እጠግነዋለሁ፣ ሦስተኛውን ሽቦ እመልሳለሁ፣ ከዚያ ና ማኪያቶ እንጠጣ ብዬ በሩን አንኳኳለሁ። ከሠራ ምንም መናዘዝ አያስፈልግም፤ ነገሩ እንደተበላሸ ሁሉ በራሱ ይስተካከላል። ፈሪ ሰው ዘዴ አያጣም። ሾላ ወርጄ ባለ ሦስት እግር ስፒናና ለሱ የሚሆን ዲቫይደር ገዛሁ፣ ቢጫና አረንጓዴውን ሽቦ ልጬ አሠርኩ፣ ሰባት ወር ስለደረቀ ከእንግዲህ አያፈተልክም ብዬ ማሽኑን አበራሁ። ውሃው መንሿሿት ሲጀምር ቤቱ ድርግም አለ።

ግድግዳው ላይ ያለውን ብሬከር አየሁት። ቆሟል፣ አልወደቀም። ብሬከሩ ካልወደቀ ማሽኑ አይደለም ማለት ነው፤ ስለዚህ መብራት ሄዷል አልኩ። በእኛ አገር ከዚህ የቀለለ ድምዳሜ የለም።

ድሮ ቢሆን ቀጥሎ የሚሆነውን አውቃለሁ። መብራት ጠፋ ሲባል በሕንጻችን ሰው ሁሉ በሩን ከፍቶ ወደ ደረጃው ብቅ ይልና "እናንተም ጋ ጠፍቷል?" ይላል። አዎ ከተባለ ሰፈሩ ሁሉ ነው፣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። የለም ከተባለ ችግሩ ከገዛ ቤት ነው፣ ተወርዶ ይታያል። አንዲት ጥያቄ ናት። እኔ ግን የምጠይቀው ያው ጎረቤቴን ስለሆነ አልጠየቅኩም። ማሽኑን ነቀልኩ፣ ሻማ አበራሁና ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።

እሑድም መብራት አልመጣም። ማታ ላይ ከጎረቤቴ ቤት የቴሌቪዥን ዜና ይሰማል። ልጁ ባትሪ ልካለት ይሆናል አልኩ። ከታች ፎቅ የልብስ ማጠቢያ ሲዞር ሰማሁ፤ እነሱ ጄኔሬተር ገዝተዋል አልኩ። ጄኔሬተር ቢሆን ድምፁ ሰፈር የሚያስነሳ መሆኑን እያወቅኩ፣ የለም፣ አዲሶቹ ድምፅ የላቸውም ብዬ ራሴን አስረዳሁ። ማቀዝቀዣው ውስጥ የነበረው ወጥ ተበላሸ። ደረጃውን ስወርድና ስወጣ ምድር ቤት ቆጣሪዎቹ ያሉበትን የብረት ሣጥን አልፈዋለሁ፤ አንድም ቀን ዞር ብዬ አላየሁትም።

ሰኞ ጠዋት ቀዝቃዛ ሻይ ጠጥቼ ጓዳ ውስጥ ቆምኩ። ጉሙ መስኮቱ ድረስ ወርዷል። በዚህ ከተማ ውስጥ መብራት መኖር አለመኖሩን የምጠይቀው አንድ ሰው አጣሁ ብዬ አሰብኩ፤ ሐሳቡ አስደነገጠኝ። የሚያስለቅስ ነገር አይደለም፣ እኔ ግን አለቀስኩ። ፊቴን ታጠብኩና በሬን ከፍቼ፣ ተሻግሬ አንኳኳሁ። ሌላ የምናገረው ቃል አልነበረኝም፤ ይሄኛው ጥያቄ ግን ማንም ለማንም የሚለው ስለሆነ ይቅርታ አያስፈልገውም።

በሩን ከፈተ። በግራና በቀኝ የታሰሩ ካርቶኖች ተደርድረዋል። ከራሱ በላይ አምፖሉ በርቷል።

"እናንተም ጋ ጠፍቷል?" አልኩት፣ አምፖሉን እያየሁ።

አምፖሉን ቀና ብሎ አየው። "እኛ ጋማ አለ" አለኝ። "አንተ ጋ ከጠፋ ስንት ቀኑ ነው?"

"ከቅዳሜ ጀምሮ።"

ጫማውን አደረገና ደረጃውን ወረደ፣ ተከተልኩት። የብረቱን ሣጥን ከፍቶ በጣቱ አመለከተኝ። በእኔ ቆጣሪ ሥር ያለው ዋናው ብሬከር ወድቋል። ቤት ውስጥ ያለው ሳይወድቅ ይሄኛው ቀድሞ ሊወድቅ እንደሚችል የማያውቅ የለም፤ እኔ ግን ሰው ጠይቄ ቢሆን ኖሮ በአምስት ደቂቃ የሚገባኝን ሦስት ቀን በጨለማ ስተነትነው ከረምኩ። አነሳው። ወደ ላይ ስንመለስ ቤቴ መብራት ነበረው።

ገባ። ማሽኑ ላይ ያለውን አዲሱን ስፒና አየ። ያኔ ከዚህ በላይ መሸሽ አቃተኝ።

"ሽቦውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ" አልኩት። "እጅህ አልነበረም።"

"አውቃለሁ" አለኝ። "ወድቄ ወለሉ ላይ ሳለሁ ነው ያየሁት። የነቀልከው ስፒና ፊቴ አጠገብ ወድቆ ነበር፣ ሁለት እግሩ፣ በናስትሮ የተጠቀለለው ቁራጭ ሽቦ። አንተ ስለ ውሃ ስታስተምረኝ እኔ እሱን ነበር የማየው።"

"ለምን አልተናገርክም ታዲያ?"

"እንድትነግረኝ ነዋ። ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል እያልኩ።"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እሱ ካቻቢቴውን ከኪሱ አወጣና ማሽኑን ገለበጠው። የዚያን ቀን ጠዋት፣ ከሰባት ወር በፊት ማድረግ የነበረብንን አደረግን። ስፒናውን እየነቀለ አንዱን ክፍል ከሽቦው ይለያል፣ ይሰካል፣ እናበራለን፣ ብሬከሩ ይወድቃል። እንደገና ነቅሎ ሌላውን ይለያል። የውሃው ፓምፕ አልነበረም። ቁልፉ አልነበረም። ውሃውን የሚያሞቀውን ሬዚስታንስ ሲለየው ብሬከሩ ሳይወድቅ ቆመ። ፈቶ አውጥቶ አሳየኝ፤ ብረቱ በአንድ በኩል ፀጉር በምታክል ስንጥቅ ተሰንጥቆ ውሃ ገብቶበታል። ስለ መሬት መስመሩ የጻፍኩት ወረቀት አሁንም መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ አላሳየሁትም።

ስለ ካርቶኖቹ የጠየቅሁት እጁን ሲታጠብ ነው። ኮምቦልቻ ልጁ ጋ ሊኖር ነው፤ ሐሙስ ይሄዳል፣ ቤቱን አከራይቶታል። ተናደድኩ። ፊት ለፊት እየኖርን እንዴት አትነግረኝም ብዬ ጮህኩበት። እጁን በፎጣው እያደረቀ አየኝ፤ ያን ጥያቄ መጠየቅ የሚገባው እሱ እንጂ እኔ እንዳልነበርኩ ገባኝ።

ማክሰኞ አዲስ ሬዚስታንስ ፈልጎ አገኘ፣ ረቡዕ ገጠምነው። ብሬከሩ ቆመ። አስር ሰዓት ላይ እኔ ያለ ወተት፣ እሱ በወተት ጠጣን። ስለ ጣርማ በር አወራልኝ፣ ርቀቱን ተሳስቶ ተናገረ፤ አላረምኩትም። ሲኒዬን አነሳሁ።

ሐሙስ ንጋት ላይ ሻንጣውን ይዤለት ላምበረት ወረድን። ዕድሜውን ሙሉ በነዳበት መስመር ተሳፋሪ ሆኖ ይሄዳል፤ ከሹፌሩ ጀርባ ያለውን ወንበር ነው የመረጠው። ተሸካሚዎች ይጯጯሃሉ፣ ረዳቱ ሻንጣ ጣሪያ ላይ ያስራል። ልጅህ እኮ ድሮም ትጠራህ ነበር፣ ለምን ዘንድሮ አልኩት።

"በየዓመቱ ነው የምትጠራኝ" አለኝ። "እዚህ ሰው አለኝ እላት ነበር። ዘንድሮ ምን ልበላት?"

ከዚያ ጨበጠኝና ገባ። በሩ ተዘጋ። መስኮቱ ሥር ቆሜ ይቅር በለኝ አልኩት፤ ሞተሩ ስለተነሳ ደግሜ ጮክ ብዬ አልኩት። እጁን አነሳልኝ፤ ይቅር ማለቱ ይሁን መሰናበቱ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰባት ወር ሙሉ ጸጥ ባለ ደረጃ ላይ ቀስ ብዬ ልለው የምችለውን ቃል፣ ለሚሄድ አውቶቡስ ጮህኩት።